የቅዳሜው መርፌ

ዓይኖቼ ደህና ናቸው። ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር ያለ መነጽር እዘመዝማለሁ፤ መንገድ ማዶ ያለው መድኃኒት ቤት በሩ ላይ የለጠፈውን ማስታወቂያ ከወንበሬ ሳልነሳ አነባለሁ። ያም ሆኖ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር፣ ለገዛ ወንድሜ «ዓይኔ ደክሟል» እያልኩ ዋሽቻለሁ።

ወንድሜ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር፣ የአንድ ትንሽ ልጅ አባት ነው። እኔ በስምንት ዓመት የምበልጠው እህቱ ነኝ። ባልደረቦቹ «ፍሬን» ይሉታል፤ ድመት ከሩቅ ካየ ይቆማል፣ ድመቷ ካልተሻገረች እሱም አይሄድም። ቅዳሜ ከሰዓት ተራውን ሲጨርስ ወደ ልብስ ስፌት ቤቴ ይመጣል። የደንበኞችን ወንበር ይይዝና ጫማውን ያወልቃል።

«ሰው የሚገባበት ቤት ነው፣ ካልሲህን ሰብስብ» እለዋለሁ።

«የአባቴ ቤት ነው» ይለኛል። አልዋሸም፤ ቤቱም፣ መቀሱም፣ ትልቁ የመቁረጫ ጠረጴዛም የአባታችን ነበሩ።

ትንሽ ካወራን በኋላ፣ አሁን ገና ትዝ እንዳለኝ ሆኜ፣ መርፌና ክር አቀብለዋለሁ። «እስቲ አስገባልኝ።» የክሩን ጫፍ በከንፈሩ ያሾላል፣ አንድ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል፣ ያስገባል። እኔ ኮሌታ የማገላብጥ መስዬ በሆዴ እቆጥራለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራት ላይ ከገባ ሳምንቴ ሰላም ነው። ስድስት ላይ ከገባ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ እህል አይበላልኝም።

አባታችንን የገደለው ነገር በመርፌ ነው የጀመረው። በሰፈሩ የታወቀ ልብስ ሰፊ ነበር። አርባ አምስት ዓመት ሲሞላው አንድ ቀን ክር ማስገባት አቃተውና «የዘንድሮ መርፌ ቀዳዳው ጠቧል» ብሎ አዲስ ፓኬት ገዛ። አዲሱም ጠበበው። ቀጥሎ ትከሻው በራሱ ጊዜ መነቅነቅ ጀመረ። ቀጥሎ በጠመኔ የሚያሰምረው መስመር ይጣመምበት ጀመር፤ የአንድ ሙሽራ ሱፍ ጨርቅ ላይመለስ አበላሸ። መንገድ ላይ ሲወላገድ ያዩት ሰዎች ጠጪ ነው አሉ፤ በዕድሜው መጠጥ ቀምሶ የማያውቀውን ሰው «ወዝወዝ» ብለው ስም አወጡለት። ጉንዳን እንኳ የማይረግጠው ሰው የጋለ ካውያ በእናታችን ላይ ወረወረ። ከዚያ አልጋ ያዘ። መጨረሻ ላይ መዋጥም አቃተው። አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀ። ሐኪሞቹ የአንጎል ነርቭ በሽታ ነው፣ በዘር ይተላለፋል አሉን፤ ስሙንም ነገሩን፣ የአንድ የድሮ ሐኪም ረጅም ስም ነው። እኛ ግን እስከ ዛሬ «የቤቱ ነገር» ነው የምንለው።

በዚህ በቤቱ ነገር ላይ ቤተሰባችን የራሱ ሒሳብ ነበረው። አያታችን ወሰደው፣ እህቱ ተረፈች፤ ዘጠና ዓመት ሰው ስታማ ኖራ በሰላም ሞተች። አባታችን ወሰደው፣ ታናሽ ወንድሙ ተረፈ። ሐኪሙ ለእናታችን «ከሁለት አንድ ነው» ሲላት ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን፤ የምናውቀውን ነው የነገረን። ከሁለት ልጅ አንዱ ይወስዳል፣ አንዱ ይተርፋል። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ እኛ ቤት ዥንጉርጉሩ የአባት ደም ነበር።

እኛ ደግሞ ሁለት ነን፣ እኔና ፍሬን። የቀረውን ሒሳብ ማንም ጮክ ብሎ አልሠራውም፤ ሁለታችንም ግን መደመርና መቀነስ እናውቃለን። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ የወንድሜን ጣቶች ሳይ የማነበው የራሴን ዕጣ ነበር። ለሱ አስቤ ብቻ ነው የቆጠርኩት ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ውሸት ደግሞ ስለ ዓይኔ የተናገርኩት ይበቃኛል።

ባለፈው ዓመት ካፊያ በሚያካፋበት አንድ ቅዳሜ መጣ። እኔ የሰፋሁለትን የደንብ ሸሚዝ ለብሷል። የደረት ኪሱ ወደ ግራ ትንሽ ዘምሟል፤ «ኪሱ ፍሬቻ ሳያሳይ ታጥፏል» እያለ ሲቀልድብኝ ከርሟል። እኔም ማሽኑ አርጅቷል ብዬ ተቆጥቼዋለሁ። መርፌውን ሰጠሁት። አራት አለፈ። ሰባት። የክሩ ጫፍ ታጠፈበት፣ እንደገና በከንፈሩ አሾለው። አሥራ ሁለት ላይ መርፌው ከጣቱ አምልጦ ወደቀ።

«እጄ ቅባት ነክቶታል» አለ እየሳቀ።

መርፌ የማነሳበትን ማግኔት ይዤ ጠረጴዛው ሥር ተንበረከክሁ። መርፌው ወዲያው ተገኘ፤ እኔ ግን ቶሎ አልወጣሁም። ደስ ብሎኝ ነበር። እንዲህ ያለውን ደስታ ሰው አያወራውም፣ እኔም አውርቼው አላውቅም ነበር። ሙቀት ከሆዴ ተነስቶ እስከ ጆሮዬ ወጣ። ተረፍኩ አልኩ። አርጅቼ ልሞት ነው፣ ሰው እያማሁ ዘጠና ዓመት ልኖር ነው አልኩ። ወዲያው ደግሞ እናቴ አባታችንን ስታስታምም በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት ልጅ ትዝ አለኝ፤ ጀርባዬ ላይ እያንቀላፋ ማጅራቴን በምራቁ ያርስ የነበረው። ፊቴን ከጠረጴዛው ሥር ማውጣት አቃተኝ።

«መርፌ ነው ወይስ ወርቅ ነው የምትፈልጊው?» አለኝ ከላይ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አሥራ አምስት ቆጠርኩ። በሚቀጥለው ሃያ። ለማንም አልተናገርኩም። ስድሳ ሰው ጭኖ የሚነዳ ሰው ነው፣ መናገር ነበረብኝ። በየሳምንቱ ዛሬ እነግረዋለሁ እልና እሱ ጫማውን ሲያወልቅ ምላሴ ይተሳሰራል። አንድ ቀን ብቻ «መንዳቱ አያደክምህም?» ብዬ ጠየቅሁት። «ፍሬን እስከሠራ ድካም የለም» አለኝ። እኔም ይሄን መልስ ብዬ ተቀብዬ፣ በየመንደሩ የማላውቃቸውን ስድሳ ሰዎች እየረሳሁ ከረምኩ።

ልጄ የመጣችው በዚህ መሃል ነው። ፎቶ ቤት ነው የምትሠራው፤ የሰው ፊት ላይ ያለ ጠባሳ በኮምፒውተር ስታጠፋ ትውላለች። ካገባች ዓመት አልሞላትም። ሰኞ ጧት ሱቅ ገና እንደተከፈተ መጥታ የመቁረጫ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እርጉዝ መሆኗን ነገረችኝ። አቀፍኳት፣ አለቀስኩ፣ ወገቧን በሜትር ለካሁ፤ የኔ ሰው ሲደሰት የማደርገው እሱን ነው። ሜትሩን ሳልጠቀልል ሁለተኛውን ነገር አመጣችው።

«እማዬ፣ የቤቱን ነገር ልመረመር ነው።»

«አያስፈልግሽም» አልኳት። «እኛ ነጻ ነን። አጎትሽ ወስዶታል።»

ይህን ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

«ማን ነው ያለው?»

«መርፌው።» ሁሉንም ነገርኳት፤ ቅዳሜውን፣ ቆጠራውን፣ ከሁለት አንዱን።

«መርፌ ሐኪም ነው እንዴ?» አለች። «ሐኪም ቤት ጠይቄያለሁ። መጀመሪያ እናትሽን አማክሪ ነው ያሉኝ። እኔ ላይ ከተገኘ አንቺም አለብሽ ማለት ነው፤ ሳትፈልጊ እንዳላስታውቅሽ ብዬ ነው የመጣሁት።» ከዚያ ወደ ታች አየች። «ደግሞ እግርሽን አሳርፊ፣ ማሽኑ እኮ አልተከፈተም።»

«ሠላሳ ዓመት የማሽን መርገጫ የረገጠ እግር ነው፣ ሥራ ቢፈታም አይቆምም። ሙያ ነው» አልኳት። ሁልጊዜ የምላትን ነው። «አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ። እኔው ሄጄ ነጻ መሆኔን የሚል ወረቀት አመጣልሻለሁ።»

መታወቂያ እንደሚያሳድስ ሰው ተዝናንቼ ነው የሄድኩት። የሐኪም ቤቱ የዘር በሽታ አማካሪ ከልጄ ብዙም የማትበልጥ ነርስ ናት፤ ክፍሏ ውስጥ እኩል ከፍታ ያላቸው ሁለት ወንበሮች፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የውሃ ብርጭቆና አንድ ካርቶን የፊት መጥረጊያ ወረቀት አለ። ወረቀቱ ወደ እኔ ተገፍቶ መቀመጡ አላስደሰተኝም። ስለ ቤተሰቤ ጠየቀችኝ፣ እኔም ሒሳባችንን አስረዳኋት። እያወራሁ ኪሴ ውስጥ ያሉትን የኮት ቁልፎች አንኳኳለሁ፤ ኪሴ መቼም ቁልፍ አያጣም።

«ሁለቱን ሊያውሱኝ ይችላሉ? አንድ ጥቁር፣ አንድ ነጭ» አለችኝ።

ብርጭቆውን ጠጥታ ባዶ አደረገችና ሁለቱን ቁልፎች ጨመረቻቸው። «አባትዎ ይህ ብርጭቆ ናቸው እንበል። ነጩ ጤነኛው ዘር ነው፣ ጥቁሩ በሽታውን የያዘው። ልጅ ሲወለድ ዓይናቸውን ጨፍነው አንዱን ያወጣሉ።»

«አዎ፣ አንዱን ለኔ፣ የቀረውን ለወንድሜ።»

ጥቁሩን አውጥታ አሳየችኝ። ከዚያ ብርጭቆው ውስጥ መልሳ ጣለችው።

«ምን አደረግሽ?» አልኳት።

«መለስኩት።»

«ለምን ትመልሺዋለሽ?»

«አባትዎም ስለሚመልሱት ነው። ለመጀመሪያው ልጅ የወጣው ለሁለተኛው አይጎድልም። ወንድምዎ ሲወለዱ ብርጭቆው ውስጥ እንደገና ሁለቱም ነበሩ። ሁለታችሁም ጥቁሩ ሊደርሳችሁ ይችላል፣ ሁለታችሁም ነጩ ሊደርሳችሁ ይችላል። የእሳቸው እጅ ስለ እርስዎ ምንም አይናገርም።»

አንድ ቤተሰብ፣ ሦስት ትውልድ፣ ያችን ቁልፍ መመለስ ረስተን ኖረናል። አያቴ አልጋ ላይ ሲንቀጠቀጥ እህቱ በር ላይ ቆማ ምን ታስብ እንደነበር ድንገት ገባኝ።

«ሲስተር» አልኳት፣ «መርፌው ከእጁ ሲወድቅ ደስ ብሎኝ ነበር።»

አልደነገጠችም። «እዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይነግረኛል» አለች። «ማንም አያስገድድዎትም። አሁን ተነስተው ቢሄዱም ጥሩ ነው። ማወቅም አለማወቅም የእርስዎ ነው።»

ልነሳ ወገቤን አቃናሁ። የልጄ ወገብ በሜትሬ ስንት እንደነበረ ትዝ አለኝ። እጅጌዬን ሰበሰብኩና ክንዴን ሰጠሁ። ውጤቱ ስድስት ሳምንት ይፈጃል ተባልኩ፤ ስመጣም ሰው ይዤ እንድመጣ፣ ብቻዬን እንዳልመጣ።

እነዚያ ስድስት ሳምንታት እግሬን ስጠብቅ አለፉ። ዝም በል እለዋለሁ፣ ዝም ይላል። ስለ እጅጌ ርዝመት ከደንበኛ ጋር ስከራከር ሳየው ይረግጣል። ሰው በራሱ እግር ላይ ሰላይ ሲሆን ምን ዓይነት ኑሮ እንደሆነ ለጠላቴም አልመኝም። መርፌ ለራሴ እየሰጠሁ እቆጥር ጀመር። አንዳንዴ አምስት ነው፣ አንዳንዴ አሥር፤ በአሥሩ ቀን መብራቱ ደብዝዟል እላለሁ። አባቴም መርፌው ጠቧል ነበር ያለው።

ቅዳሜ ፍሬን ሲመጣ መርፌውን አልሰጠሁትም።

«ዛሬ መርፌ የለም እንዴ?» አለኝ።

«ዓይኔ ተሽሎታል።»

በዚያ ቀን ከወትሮው ቀድሞ ጫማውን አጠለቀ።

ለውጤቱ ማንን ልያዝ? ባሌ የቤቱን ነገር የሰማ ዕለት ጓዙን ጠቅልሎ ከሄደ ሃያ ዓመት ሆነው። ልጄን ሆዷን ይዛ እዚያ ወንበር ላይ ላስቀምጣት አልቻልኩም። ወንድሜ ጋ ደወልኩና ሐኪም ቤት እንዲሸኘኝ ጠየቅሁት።

«ለዓይንሽ ነው?»

«ለቤቱ ነገር ነው።»

ስልኩ ውስጥ የአውቶቡሱ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማሁ። «የስንት ሰዓት ቀጠሮ ነው?» አለኝ።

አማካሪዋ ነገር አላስረዘመችም፤ ስለዚህ አመሰግናታለሁ። ገና ሳንደላደል «ውጤቱ በሽታው እንዳለብዎት ያሳያል» አለች። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ቁጥሩ ያለበትን ቦታ አሳየችኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ደግሞ እንደ ሞኝ ቁጥሩን ደጋግሜ አነበብኩት፣ ሌላ የሚሆን ይመስል። ወንድሜ እጄን ይዞ ነበር። ከሁለታችን የማን እጅ እንደሚንቀጠቀጥ መለየት አቃተኝ።

አማካሪዋ ዓይኗን ወደ ወለሉ ዝቅ አደረገች። «ይህ እግርዎ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚያደርገው?»

«ሙያ ነው» ልላት አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት።

ከዚያ የሆነውን ሁሉ አላስታውስም፤ ስለ ሌላ ሐኪም፣ ስለ ክትትል ተናገረች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው በጆሮዬ ይደጋገማል። ስንወጣ ወንድሜ «ቤት ላድርስሽ?» አለ። ሱቅ ነው የምሄደው አልኩት። ሥራ ነበረብኝ፣ ሌላ ምን ልበል።

ሱቁን ከፈትን። እሱ የደንበኞች ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ጫማውን ግን አላወለቀም። በመንገድ ሁሉ ያመላለስኩትን ከመቀመጤ በፊት ጀመርኩት፣ ከተቀመጥኩ አልናገረውም ብዬ።

«አሁን ያንተን እናውራ። እኔ ላይ መገኘቱ አንተን አያድንህም። ቤተሰቡ ተሳስቶ ነው የኖረው፤ ቁልፏ ትመለሳለች። እጅህን ዓመት ሙሉ ሳየው ነበር፣ ዝም ብዬህ ነበር፣ ጥፋቴ ነው። ከነገ ጀምረህ መንዳት አቁም። ሄደህ ተመርመር።»

ተነስቶ መርፌ ከምሰካባት ትራስ ላይ ቀጭኗን መርፌ ነቀለ። ከጥቅሉ ክር ቆረጠ። እንደቆመ፣ በከንፈሩ እንኳ ሳያሾል፣ አስገባው። ሁለት አልቆጠርኩም። ሌላ መርፌ ነቀለና አስገባ። ሦስተኛ። አራተኛ። አምስቱንም ክር እንደያዙ ትራሷ ላይ በረድፍ ሰክቶ ተቀመጠ።

እኔም ተቀመጥኩ።

«የለብኝም» አለኝ። እንደ ሌባ አቀርቅሮ ነው ያለኝ። «ልጄ ከመወለዱ በፊት ተመርምሬያለሁ። ሦስት ዓመት ሆነኝ።»

«ዓይኔ ደህና እንደሆነስ ታውቅ ነበር?»

«እትዬ፣ አንቺ እኮ ገና ከመንገድ ማዶ ስመጣ ጺሜን አለመላጨቴን አይተሽ ትቆጪኛለሽ። ከመጀመሪያው ቅዳሜ አውቃለሁ።»

አሥራ አንድ ዓመት። እኔ ስቆጥርበት፣ እሱ እየተቆጠረ እያወቀ፣ ጫማውን አውልቆ ሲቀልድልኝ የኖረው አሥራ አንድ ዓመት።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? የኔ ባዶ ነው፣ እንግዲህ ያንቺን ፈልጊ ብዬ? አንቺ በቤቱ ሒሳብ ታምኛለሽ። የአንዱ መውሰድ ሌላውን አያድንም ብዬ ባስረዳሽ፣ እንዴት አወቅህ ትይኛለሽ። ከዚያ ደግሞ እግርሽን አየሁት፣ ማሽኑ ጠፍቶ ይረግጣል። ኪሴም ዘመመ። አንቺ በዕድሜሽ ኪስ አዛብተሽ አታውቂም።» በአገጩ ወደ መርፌዎቹ አመለከተ። «ያኔ ነው መርፌውን የጣልኩት። አንድ ዓመትም ቢሆን ሳትፈሪ ብትኖሪ ብዬ።»

ገና አልጨረሰም።

«ደስ ብሎሽ ነበር አይደል? ጠረጴዛው ሥር።»

በቁጣ አልነበረም የጠየቀኝ፤ የሰጠኝ ስጦታ በልኬ መሆኑን እንደሚጠይቅ ሰው ነው። ልክድ ፈለግሁ። ስለ ዓይኔ የዋሸሁት፣ ስለ ማሽኑ የዋሸሁት፣ ስለ መብራቱ የዋሸሁት ሁሉ ይበቃል አልኩ።

«ብሎኝ ነበር» አልኩት።

«ለሱ ነው የጣልኩት።» ሸሚዙ ላይ ያለውን ዝንፍ ያለ ኪስ በጣቱ ዳበስ አደረገ። «ስድሳ ሰው ጭኜ እንደምነዳ እያወቅሽ ዝም ማለትሽ ግን ገርሞኛል። ፍሬቻ እንኳ አላሳየሽኝም።»

ሳቅሁ። ሳቄ መሃሉ ላይ ተቀደደና አለቀስኩ፤ አባታችን ከሞተ ወዲህ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም። እሱ ወንበሩን አስጠግቶ አጠገቤ ተቀመጠ፣ እጄን እንደገና ያዘ። አሁን የሚንቀጠቀጠው የማን እንደሆነ አወቅሁ።

ለልጄ በማግስቱ ነገርኳት። ሁለቱን የኮት ቁልፎች ብርጭቆ ውስጥ ጨምሬ አሳየኋት፤ ቃል ሲያጥረኝ እጄ ይሻለኛል። አልቅሳ ስትጨርስ ጥቁሯን አወጣች፣ አገላብጣ አየቻትና መልሳ ጣለቻት።

«ቀጠሮ ይዣለሁ» አለች። «ካልፈለግሽ ውጤቱን አልነግርሽም።»

«ትነግሪኛለሽ» አልኳት። «ማንም ይቺን ቤት ዳግመኛ በዝምታ አያታልላትም።» ይህን ስል እውነቴን ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፍሬን መጣ። ጫማውን አወለቀ። ካልሲህን ሰብስብ አልኩት፣ የአባቴ ቤት ነው አለኝ። ስለ አንድ ተሳፋሪ አወራኝ፤ ሴትየዋ አውቶቡሱ በጣም ቀስ ይላል ብላ ወርዳ በእግሯ ሄዳ፣ ቀድማው ደርሳ ማቆሚያው ላይ እጇን አጣጥፋ ጠብቃዋለች። ስቄ ስጨርስ ከትራሷ ላይ መርፌ ነቀለና ከክር ጋር ወደ እኔ ዘረጋ።

«እስቲ አስገቢልኝ፣ ዓይኔ ደክሟል።»

ተቀበልኩት። የክሩን ጫፍ በከንፈሬ አሾልኩ፣ አንድ ዓይኔን ጨፈን አደረግሁ። እሱ መንገዱን የሚያይ መስሏል፤ ከንፈሩ ግን ይንቀሳቀሳል። አንዴ ሳትኩ። እንደገና ሳትኩ። ገባልኝ።

«ስንት ደረስክ?» አልኩት።

ዞሮ ዓይን ዓይኔን አየኝ። «አምስት።»

«እንግዲያው ገና ነኝ» አልኩና የክሩን ጫፍ ቋጠርኩ። እኔም በሆዴ ስቆጥር ነበር። ዘጠኝ ነው።